የልጁን ደብዳቤ ማሽን አይጻፈው፦ ለክርስቲያን የሕፃናት በጎ አድራጎት ድርጅቶች ግልጽ ደብዳቤ

ለክርስቲያን የሕፃናት በጎ አድራጎት ድርጅቶች የቦርድ አባላት፣ ሥራ አስኪያጆችና የፕሮግራም ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) በልጆች ደብዳቤ፣ ፋይልና ፎቶ ላይ ስላለው ድርሻ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። እኔ የደብዳቤ ተርጓሚ ነኝ። በስፖንሰር የሚረዱ ልጆች የሚጽፉትን፣ ስፖንሰሮችም የሚመልሱላቸውን በበጎ ፈቃድ እተረጉማለሁ። ብዙ ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ እወደዋለሁም። ይህን የምጽፍላችሁ ልከሳችሁ አይደለም፤ ልለምናችሁ ነው። ልመናዬም አጭር ነው። ኤአይን በቢሯችሁ ተጠቀሙበት፤ በልጁ ቦታ ግን አታስቀምጡት። በልጁ ስም አይናገር። የልጁን ፊት አይፍጠር። የልጁን ምስጢር አይስማ።

ቻትጂፒቲ የተባለው ጽሑፍ የሚጽፍ የኤአይ መሣሪያ ለሕዝብ የተከፈተው በ2022 መጨረሻ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ ወዲህ እነዚህ መሣሪያዎች ወደ ድርጅቶቻችን የገቡት በቦርድ ውሳኔ አይደለም፤ በሠራተኛ ስልክ ነው። ሪፖርት የደረሰበት አንዱ ሞከረው፣ ለጓደኛው አሳየው፣ በቃ ተለመደ። መመሪያው ግን በብዙ ቦታ ገና አልተጻፈም።

ጥቅሙን አልክድም። ሪፖርቱን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሠራተኛ እንዴት እንደሚያመሽ አውቃለሁ። ሐሳቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ በቋንቋው ምክንያት ብቻ የሚወድቅ ፕሮፖዛል አለ። ለዚህ ሰው ኤአይ ትልቅ እፎይታ ነው። የፕሮፖዛል ረቂቅ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የሥልጠና መርሐ ግብር፣ የኤክሴል ቀመር፣ የበጀት ማብራሪያ፤ በእነዚህ ሁሉ ይጠቀምበት። የልጅ መረጃ እስካልገባበት፣ አንድ ሰውም አንብቦ ኃላፊነቱን እስከወሰደ ድረስ ምንም ቅር አይለኝም። የተረፈው ሰዓት ለቤት ለቤት ጉብኝት ከዋለማ እሰየው ነው።

ደብዳቤው ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ልጁ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ። በእርሳስ የተጻፈ ነው። መስመሮቹ ወደ ታች ያዘነብላሉ። እንዲህ ይላል፦ «ዶሮአችን ፈለፈለች። ጫጩቶቹ ሰባት ነበሩ። አንዱን ጭልፊት ወሰደብኝ። እርስዎ ጋ ጭልፊት አለ?» ከሥሩ ሥዕል አለ። ጭልፊቱ ከቤቱ ይበልጣል። ሌላ ምንም የለውም። ስፖንሰሩ ግን ከሌላው ጊዜ ሁሉ ረዝሞ መለሰ። እሱ በሚኖርበት ስላሉት ወፎች ጻፈ። የቀሩት ስድስቱ እንዴት እንደሆኑ ጠየቀ። ልጁም መልሶ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እውነተኛ ወዳጆች ሆነዋል።

አሁን ይኸው ደብዳቤ ኤአይ ውስጥ ገብቶ «አስተካክልልኝ» ቢባል ምን እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። «ውድ ስፖንሰሬ፣ ለሚያደርጉልኝ ያልተቋረጠ ድጋፍ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በትምህርቴ በርትቼ ወደፊት ሐኪም በመሆን ማኅበረሰቤን ማገልገል እፈልጋለሁ።» ፊደሉ ንጹሕ ነው። ጨዋ ነው። ጭልፊቱ ግን የለም። ልጁም የለም።

ይህን በግምት አልጻፍኩም። በቅርብ ጊዜ በእጄ ከሚያልፉት ደብዳቤዎች ውስጥ፣ የማይተዋወቁ ልጆች አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሲጽፉ እያየሁ ነው። ያው ምስጋና፣ ያው ሕልም፣ ያው መዝጊያ። ሰባት ዓመት የሆነውም፣ አሥራ አምስት የሆናትም እንደ ድርጅት ኃላፊ ይናገራሉ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን መረዳት ይጠቅማል። እነዚህ ሞዴሎች እጅግ ብዙ ጽሑፍ ላይ ሠልጥነው፣ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል እየገመቱ ነው የሚጽፉት። ስለዚህ ወደተለመደው ያዘነብላሉ። «የተረጂ ልጅ ደብዳቤ» ሲባል በብዛት የተጻፈው ምስጋናና የወደፊት ሕልም ነው። ጭልፊት ብዙ ጊዜ አይመጣም። ማሽኑ ልጁን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ስለ እንደዚህ ዓይነት ልጆች ሌሎች የጻፉትን ነው። «አስተካክል» ስትሉት ልጁን ወደዚያ ወደሚያውቀው ይጎትተዋል። የሚጠፋው ደግሞ ስፖንሰሩ ሊያገኘው የሚፈልገው፣ የዚያ ልጅ ብቻ የሆነው ነገር ነው።

ይስሐቅ ዓይኑ ፈዝዞ ልጁን በዳሰሰ ጊዜ ያለውን አስቡ፦ «ይህ ድምፅ የያዕቆብ ድምፅ ነው፥ እጆቹ ግን የዔሳው እጆች ናቸው» (ዘፍ. 27፥22)። ስፖንሰሩም ልጁን አያየውም። በደብዳቤው ነው የሚዳስሰው። ያመነንን ሰው በማያየው ነገር ልናታልለው አይገባም።

«ልጆቹ መጻፍ አይችሉም፣ ሦስት መስመር ብቻ ነው የሚጽፉት፣ ስፖንሰሩ ቅር ይለዋል» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። ሦስት መስመሩ ይሂድ። ገና መጻፍ የማይችል ልጅ ካለ ሠራተኛው አጠገቡ ተቀምጦ የሚለውን ይጻፍለት፤ ከታችም «እሱ ሲናገር እኔ ጻፍኩለት» ብሎ ይፈርም። ሥዕል ብቻ የላከም ደብዳቤ ልኳል። ለስፖንሰሩም አስቀድማችሁ ንገሩት፦ ደብዳቤው አጭር ሊሆን ይችላል፣ የልጁ መሆኑን ግን እርግጠኛ ሁን በሉት።

ትርጉም ላይ ብዙ አልልም፣ የራሴ ሥራ ስለሆነ አድልዎ ሊመስል ይችላል። ይህን ብቻ ልናገር። ኢንተርኔት ላይ ብዙ ጽሑፍ ባላቸው ቋንቋዎች የማሽን ረቂቅ ሥራ ያፋጥናል። ጥቂት ጽሑፍ ባላቸው ቋንቋዎች ግን አደገኛው ነገር ስሕተቱ አለመታየቱ ነው። የድሮው የማሽን ትርጉም ሲሳሳት ያስታውቅ ነበር። የአሁኑ ሲሳሳትም ቋንቋው ይጥማል። ስለዚህ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው የልጁን የእጅ ጽሑፍ አጠገቡ አድርጎ ሳያመሳክር ምንም ደብዳቤ አይውጣ።

ከደብዳቤው ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣኝ የልጁ ፋይል ነው።

የሩብ ዓመት ሪፖርት ቀን ሲደርስ የሚሆነውን ላሳያችሁ። ሶሻል ወርከሩ ደክሞታል። በጉብኝት ጊዜ በማስታወሻው የጫረው እንዲህ ይላል፦ «እናቱ መድኃኒት አቋርጣለች። የእንጀራ አባቱ ሲጠጣ ይደበድበዋል። አልጋ ላይ መሽናት ጀምሯል። ከእኅቱ ጋር መንታ ናቸው፣ አራተኛ ክፍል።» ስልኩን ያወጣል። በራሱ ነጻ አካውንት ላይ ያስገባዋል። «ጥሩ አድርገህ በእንግሊዝኛ ጻፍልኝ» ይላል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ነገር ሆነ።

አንደኛው፣ የልጁ ምስጢር ድርጅቱ ምንም ውል ወዳልገባበት ኩባንያ ሰርቨር ሄደ። ብዙዎቹ ነጻ አካውንቶች ተጠቃሚው ራሱ ገብቶ ካላጠፋው በቀር የተጻፈላቸውን ነገር ሞዴሉን ለማሠልጠን ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ወጥቶ የሄደውን ደግሞ መልሱልኝ ማለት ከባድ ነው። ስሙን መሰረዝም ብቻውን አያድንም። መንታ፣ አራተኛ ክፍል፣ የታመመች እናት፤ በአንድ ትንሽ ሰፈር ይህ ከስም አያንስም።

ሁለተኛው ብዙ ጊዜ አይነሣም። ማሽኑ «ይደበድበዋል» የሚለውን ወስዶ «በቤተሰቡ ውስጥ አንዳንድ ተግዳሮቶች አሉ» ያደርገዋል። ሪፖርት ስለሆነ በጥሩ ቃል መዝጋት ይወዳል፤ «ይሁን እንጂ ልጁ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብሎ ይጨምርበታል። ይህን ማንም አላየም፣ ማንም አልተናገረም። ወረቀቱ ግን ፋይል ውስጥ ይገባል። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ሠራተኛ ተቀይሮ ይመጣና ያነባል። መልካም ሁኔታ ላይ ነው ይላል። ቤቱን ከሚጎበኛቸው ዝርዝር ወደ ታች ያወርደዋል። ልጁ ግን አሁንም እየተደበደበ ነው።

እዚህ ላይ ሶሻል ወርከሩን አትቅጡት። እባካችሁ። ያንን ሁሉ ልጅ ለአንድ ሰው የሰጠነው፣ ሪፖርቱንም በማያስብበት ቋንቋ የጠየቅነው እኛ ነን። ከቀጣችሁት ተደብቆ ይጠቀማል፤ ያኔ የት እንደሄደ የማይታወቅ ፋይል ይበዛል። ይልቅ የተሻለ መንገድ ስጡት። ድርጅቱ ራሱ ውል የገባበት፣ መረጃው ለሥልጠና እንደማይውል በጽሑፍ የተረጋገጠለት መሣሪያ ካላችሁ ያንን ስጡት። እዚያም ቢሆን የጥቃት፣ የጤናና የቤተሰብ ምስጢር አይግባ። መሣሪያው ከሌለ ደግሞ ሪፖርቱን በሚናገረው ቋንቋ እንዲጽፍ ፍቀዱለት፤ ትርጉሙን እናንተ ተሸከሙ። ያስገባ ሰው ካለም «አስገብቼዋለሁ» ብሎ ሳይፈራ የሚናገርበት ሰው ይኑር።

ወደ ፎቶው ልለፍ። አንዳንዶች በቅን ልብ «እውነተኛ ልጅ ከምናሳይ በኤአይ የተሠራ ልጅ እናሳይ፤ የማንም ክብር አይነካም» ይላሉ። ሐሳቡ ከመልካም ቦታ እንደመጣ አምናለሁ። የሰብአዊ መብት ድርጅቱ አምነስቲ ኢንተርናሽናልም በ2023 ተመሳሳይ ምክንያት ነበረው። በ2021 ኮሎምቢያ ውስጥ በነበረው ተቃውሞ ፖሊስ ስላደረሰው ጥቃት ሲጽፍ፣ ተቃዋሚዎቹን ላለማጋለጥ ብሎ በኤአይ የተሠሩ ምስሎችን ተጠቀመ። የባንዲራው ቀለማት ቅደም ተከተል ተዛብቶ ነበር። ሰው ያንን አይቶ ጥቃቱ ራሱ እውነት ነው ወይ ማለት ጀመረ። ድርጅቱ ምስሎቹን አነሣ። በእውነት የተፈጸመን ነገር በሐሰት ምስል ስትነግሩ የሚጎዳው እውነቱ ነው።

ሌላም አለ። በዚያው በ2023 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ አለ። ተመራማሪዎቹ ጥቁር አፍሪካውያን ሐኪሞች ነጭ ሕፃናትን ሲያክሙ የሚያሳይ ምስል ከማሽኑ ለማግኘት ደጋግመው ሞከሩ። ማሽኑ አስቸገራቸው፤ ታካሚዎቹን እየመለሰ ጥቁር ያደርጋቸው ነበር። የድሃ ልጅ ሥዕል ስትጠይቁትም ያው ነው፤ ለዓመታት የተሰራጨውን ዓይኑ ያበጠ፣ የሚያለቅስ ልጅ መልሶ ይሰጣችኋል። ያንን ምስል ለመተው ብዙ ደክመናል። በማሽን በኩል ተመልሶ እንዲገባ ልንፈቅድለት አይገባም።

የእውነተኞቹ ልጆች ፎቶም ቢሆን እንደ ድሮው በየድረ ገጹ መበተን የለበትም። የሰብአዊ መብት ድርጅቱ ሂውማን ራይትስ ዎች በ2024 ላይዮን 5ቢ በተባለው የኤአይ ማሠልጠኛ የምስል ስብስብ ውስጥ የብራዚል ሕፃናትን ፎቶዎች አግኝቷል። አንዳንዶቹ ከነስማቸው ነበሩ። ወላጆቹም ሆኑ ልጆቹ አያውቁም። የሕፃናትን ወሲባዊ ጥቃት የሚያሳዩ ምስሎችን ከኢንተርኔት የሚያስወግደው የብሪታንያው ኢንተርኔት ዋች ፋውንዴሽን ደግሞ በ2023 በአንድ የጨለማ ድር (የተደበቀ የኢንተርኔት ክፍል) መድረክ ላይ በአንድ ወር ውስጥ ከ20,000 በላይ በኤአይ የተሠሩ ምስሎች ተለጥፈው አገኘ፤ ከተመረመሩት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩት የሕፃናትን ወሲባዊ ጥቃት የሚያሳዩ ሕገ ወጥ ምስሎች ነበሩ። ይህን መጻፍ ይከብዳል። ግን በድረ ገጻችን ላይ የልጅን ፊት፣ ስም፣ ዕድሜና አካባቢ አንድ ላይ ስንለጥፍ ምን በር እንደምንከፍት ማወቅ አለብን። ፊቱ የማይታይ ፎቶ አንሡ። ሰው የሳለው ሥዕል ተጠቀሙ። በይፋ የተለጠፉትን የድሮ ፎቶዎች ገምግሙ፤ ያረጁትን አውርዱ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ማንም ሲያነሣው አልሰማሁም። ወላጆች ከ2022 በፊት የፈረሙት የፎቶ ፈቃድ ዛሬ ምን ይፈቅዳል? ያኔ የልጃቸው ፎቶ በራሪ ወረቀት ላይ ይወጣል ብለው ነበር የፈረሙት። ፊቱ ተወስዶ ሌላ ፊት ሊሠራበት ይችላል ያላቸው የለም። ፈቃዱ እንደገና ይጠየቅ። ያኔ አራት ዓመት የነበረችው ልጅ ዛሬ ለአቅመ ማሰብ ደርሳለች፤ እሷም ትጠየቅ። በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ነገር ላይ ሐሳቡ እንዲሰማ፣ በአንቀጽ 16 ደግሞ ግላዊ ሕይወቱ እንዲጠበቅ ይላል። የኮንቬንሽኑ ኮሚቴ በ2021 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 25 እነዚህ መብቶች በዲጂታሉ ዓለምም እንደሚሠሩ ግልጽ አድርጓል። ይህን የማነሣው ሕግ ለመጥቀስ ብዬ አይደለም። ልጆቹ ሲጠየቁ መልስ አላቸው። ብዙዎቹ «ይህ ፎቶዬ ያሳፍረኛል» ለማለት አጋጣሚ ነው ያጡት።

እንደ ክርስቲያን ድርጅት ደግሞ እኛን ብቻ የሚመለከት ነገር አለ። ጸሎት።

ለጋሾች የጸሎት ጥያቄ ይልካሉ። ልጄ ታሟል፣ ሥራ አጥቻለሁ ይላሉ። መልስ ይደርሳቸዋል፦ «ስምዎን ጠርተን በጌታ ፊት አቅርበናል።» ያንን ማሽን ጽፎት ማንም ካልጸለየ ሐሰት ነው። በጸሎት ስም የተነገረ ሐሰት ነው። «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» (ዘጸ. 20፥16) የሚለው እዚህም ይደርሳል ብዬ አምናለሁ። ቫቲካን በጥር 2025 ስለ ኤአይ ባወጣችው ሰነድ፣ ኤአይን ሰው አስመስሎ ማቅረብ ሁልጊዜ ሊወገድ የሚገባው ነገር መሆኑን ጽፋለች። ካቶሊክም ሁኑ ኦርቶዶክስ ወይም ፕሮቴስታንት፣ በዚህ የምንለያይ አይመስለኝም። ለሁሉም ለመጸለይ ጊዜ ከሌለ «ጥያቄዎ ደርሶናል፣ ማክሰኞ በጸሎት ሰዓታችን እናነሣዋለን» በሉ፤ ማክሰኞም አንሡት።

ለልጆች የሚዘጋጀው የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርትም ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። እነዚህ መሣሪያዎች ጥቅስ ሲያጣቅሱ ምዕራፉን ያምታታሉ፤ የሌለ ቃልም ይጨምራሉ። መምህሩ መጽሐፉን ገልጦ ሳያይ ለልጆች አያንብብ። ልጆችን ደግሞ በኤአይ አማካሪ እጅ አትጣሉ። አንድ ልጅ የደረሰበትን ጥቃት ሊናገር የሚደፍረው ምናልባት አንዴ ነው። ያኔ ፊት ለፊቱ ያለው ሰው መሆን አለበት፤ ማመን የሚችል፣ ተነሥቶ ሄዶ ልጁን ሊያወጣው የሚችል ሰው። እንዲሁም የትኛው ልጅ በፕሮግራሙ ይታቀፍ፣ የትኛው ይጠብቅ የሚለውን ማሽን አይምረጥ። ይህ የሰው ውሳኔ ነው፤ የወሰነውም ሰው ለቤተሰቡ ምክንያቱን መንገር አለበት።

ለስፖንሰሮችም በዚሁ አጋጣሚ አንድ ቃል። ልብ የሚነካ ታሪክ ሲዘገይባችሁ ታገሡ። ድርጅቶች ማሽኑን ወደ ልጁ ቦታ የሚያስገቡት ብዙ ጊዜ እናንተን እንዳያጡ ፈርተው ነው። «አጭር ቢሆንም የልጁን ነው የምፈልገው» ብላችሁ ጻፉላቸው። ይህ አንድ መስመር ከእኔ ረጅም ደብዳቤ የበለጠ ይሰማል።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ትልቅ ሰነድ አልጠየቅኳችሁም። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ሶሻል ወርከሩ፣ ጸሐፊዋና ዘበኛው ሳይቀር በሚያነቡት ቋንቋ የተጻፈ። ኤአይ የት ይፈቀዳል፣ የት ፈጽሞ አይፈቀድም የሚለው ይኑርበት። ሥራው ውስጥ ማሽን ሲገባ ለስፖንሰርና ለለጋሽ እንዴት እንደሚነገር ይኑርበት። ከሁሉም በላይ የአንድ ሰው ስም ይኑርበት፤ ሠራተኛ ሲጠራጠር የሚደውልለት፣ ነገር ሲበላሽ መልስ የሚሰጥ። «ሁላችንም እንጠነቀቃለን» የሚል መመሪያ ማንንም አያስጠነቅቅም።

በሚቀጥለው የቦርድ ስብሰባችሁ አጀንዳ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ የተመረጠው ሰው ማን እንደሆነ፣ የልጆቹ ደብዳቤም በእጃቸው እንደሚጻፍ ለሠራተኞቻችሁ፣ ለተርጓሚዎቻችሁና ለስፖንሰሮቻችሁ በጽሑፍ አሳውቁን። መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

በአክብሮትና በፍቅር፣

አንድ የደብዳቤ ተርጓሚ